ደም ማቆሚያ ማሰሪያ፦ የትኛው ይታመናል?

ከክንድ ወይም ከጭን የሚፈስ ብርቱ ደም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። በብረታ ብረት ወርክሾፕ ከእጅ ያመለጠ ግራይንደር፣ በአረፋ ዕርድ ጊዜ የሳተ ቢላዋ፣ በጅዳና በመካ መካከል በተዘረጋው ፈጣን መንገድ የሚደርስ ግጭት፣ በመኖሪያ ቤት የተሰበረ የመስታወት በር እንዲህ ያለ ጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉ። አምቡላንስ የቱንም ያህል ቢፈጥን የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በአጠገቡ በሚገኘው ሰው እጅ ናቸው። ለዚህም ሲባል ብዙ የሥራ ቦታዎችና አሽከርካሪዎች ቱርኒኬት የተባለውን ማሰሪያ መያዝ ጀምረዋል። ሆኖም በገበያ ላይ የሚገኘው ሁሉ እኩል አይታመንም።

መሣሪያው በአማርኛ ገና የረጋ ስም የለውም። በዓረብኛ «ዓሲባ» ይባላል፤ ማሰርና መጠምጠም ከሚል ሥር የወጣ ቃል ነው። በፋርማሲ ይህን ቃል ብቻ መናገር ግን አያስተማምንም። ለምርመራ ደም ሲቀዳ ክንድ ላይ የሚታሰረው ቀጭን ላስቲክም በዚሁ ስም ሊቀርብ ይችላልና «ዓሲባ ሊኢቃፍ አን-ነዚፍ»፣ ማለትም ደም መፍሰስን ለማቆም የሚሆን ማሰሪያ፣ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የምርመራው ላስቲክ የሚያግደው ደም ወደ ልብ የሚመለስበትን ደም መልስ እንጂ ደም ቅዳውን አይደለም። በቆሰለ እግር ላይ በዚህ መጠን ብቻ ጠብቆ የታሰረ ነገር ደሙ እንዲገባ ፈቅዶ መመለሻውን ስለሚዘጋ መድማቱን ሊያብሰው ይችላል። ደም ቅዳውን መዝጋት ብርቱ ግፊት ይጠይቃል። ማሰሪያው በጠበበ ቁጥር የሚያስፈልገው ግፊት ይጨምራል፤ ነርቭና ሥጋም ይጎዳል። እንግዲህ በመጀመሪያ የሚታየው ስፋቱ ነው፤ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን መልካም ነው። ቀጥሎ የሚታየው ማጥበቂያው ነው። የሰው እጅ ብቻውን ስቦ በቂ ግፊት ሊሰጥ አይችልምና የሚጠመዘዝ ዘንግ ወይም ሌላ መወጠሪያ ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ዣን ሉዊ ፔቲ እ.ኤ.አ. በ1718 በብሎን የሚጠብቅ ማሰሪያ ያቀረበው ይህንኑ ለማሟላት ነበር።

በአሁኑ ጊዜ በስፋት የሚታወቀው በእንግሊዝኛ አሕጽሮቱ ካት የሚባለው ነው። በቬልክሮ የሚጣበቅ ጥብጣብና የፕላስቲክ ዘንግ አለው፤ የቆሰለው ሰው ራሱ በአንድ እጁ ክንዱ ላይ ሊያስረው ይችላል። ድክመቱ ቬልክሮው ነው፤ አሸዋና አቧራ ሲሞላው ይዳከማል። ሶፍት ዋይድ የተባለው ዘንጉ ብረት፣ መያዣው ዘለበት ነው፤ ጠንካራ ቢሆንም ላልተለማመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል። ሳም ኤክስ-ቲ ጥብጣቡ በበቂ ሁኔታ ሲሳብ ዘለበቱ በራሱ ይቆለፋል፤ አብዛኛው ጀማሪ ዘንጉን የሚያዞረው ጥብጣቡን ሳይወጥር ስለሆነ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። እንደ ደም ግፊት መለኪያ በአየር የሚነፋው ኢ.ኤም.ቲ ሰፊ በመሆኑ በአነስተኛ ግፊት ይሠራል፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ ሊበሳም ይችላል። ቦታው አምቡላንስና ሆስፒታል ይመስለኛል። ለወርክሾፕና ለመኪና ከእነዚህ መካከል ባለ ዘንጉን እመርጣለሁ።

እጅን ወይም እግርን ያስቆርጣል የሚለው አሮጌ ፍርሃት ብዙ ሰዎችን ከማሰር ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 በባግዳድ ኢብን ሲና ሆስፒታል የታከሙ 232 ቁስለኞችን የመረመረና በ2009 የታተመ ጥናት በማሰሪያው ምክንያት ብቻ የተቆረጠ እጅና እግር አላገኘም። ቁስለኛው በደም ማነስ ከመዳከሙ በፊት ከታሰረላቸው 90 በመቶ ሲተርፉ፣ ከተዳከሙ በኋላ ከታሰረላቸው የተረፉት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ።

መሣሪያው በሌለበት ሰፊ ጨርቅና ጠንካራ ዱላ ሊረዱ ይችላሉ፤ ዱላ የሌለው ጨርቅ ወይም የሱሪ ቀበቶ ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2013 በቦስተን ማራቶን በደረሰው ፍንዳታ በቁስለኞች ላይ የታሰሩት 27 ቱርኒኬቶች በሙሉ በእጅ የተፈለሰፉ ነበሩ፤ የመረመሯቸው ሐኪሞች በሥራ ላይ ያለውን ዝግጅት የተቹትም በዚህ ምክንያት ነው። መሣሪያው በሌለበት ጨርቅ በቁስሉ ላይ አጥብቆ መጫን የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

በበይነ መረብ በርካሽ የሚሸጡ አስመሳይ ምርቶች መኖራቸውም ሊታወቅ ይገባል። የነዚህ ዘንግ ሲጠመዘዝ ይጎብጣል ወይም ይሰበራል፤ ስፌቱም ይላቀቃል። የአምራቹ ስምና የምርት መለያ የሌለውን አለመግዛት ይበጃል። ሰማያዊው ካት ለልምምድ የተሠራ ነው፤ በተደጋጋሚ የተጠመዘዘ መሣሪያም ለእውነተኛ አደጋ አይቀመጥም። በጅዳ በጋ የመኪና ዳሽቦርድ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፦ በአፍጋኒስታን ለፀሐይና ለአቧራ የተጋለጡ ቱርኒኬቶች ካልተጋለጡት የበለጠ እንደሚሰበሩ በፈተና ተረጋግጧል። በመቀመጫ ሥር፣ በከረጢት ውስጥ ይቀመጥ።

አስተሳሰሩ ከቁስሉ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ልብ አቅጣጫ ነው፤ በጉልበትና በክርን ላይ አይታሰርም። ቁስሉ የት እንደሆነ ካልታየ በተቻለ መጠን ወደ ላይ፣ በልብስ ላይ ይታሰር፤ ኪስ ውስጥ ያለ ዕቃ ግን ይውጣ። ደሙ እስኪቆም ይጠመዘዛል። ሕመሙ ብርቱ ነው፤ ቁስለኛው ቢጮኽም አይላላም። ካልቆመ ከመጀመሪያው በላይ ሁለተኛ ይታከላል። በየተወሰነ ደቂቃ ማላላት የቀድሞ ትምህርት ነበር፤ ዛሬ የተከለከለው በየጊዜው የሚፈሰው ደም ተደምሮ ስለሚገድል ነው። እስከ 2 ሰዓት ድረስ የሚደርሰው ጉዳት አነስተኛ መሆኑ ይታመናል። አንገት፣ ሆድና ብሽሽት አይታሰሩም፤ በብሽሽት የሚደማን ቁስል በጨርቅ ጠቅጥቆ መጫን ያስፈልጋል። በገጠር የለመድነው የእባብና የጊንጥ ንድፊያን ማሰር ከዚህ ጋር የሚገናኝ አይደለም፤ እርሱ አይመከርም።

በመካ ክልል፣ ጅዳን ጨምሮ፣ የአደጋ ጊዜ ቁጥር 911 ነው፤ የቀይ ጨረቃ ቁጥር 997 ነው። አሠሪን ወይም ዘመድን አማክሮ ከመደወል ይልቅ ሰው ሲያስር ሌላው ወዲያው ይደውል፤ ብቻውን የሆነ ሰው ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጎ ያስር። ዓረብኛው ላልተሟላለት «ነዚፍ ሸዲድ» (ብርቱ መድማት) እና የሰፈሩ ስም ለጅምሩ ይበቃል። የታሰረበት ሰዓት በማሰሪያው ላይ ወይም በቁስለኛው ግንባር ላይ በብዕር ይጻፍ፤ የሕክምና ባለሙያዎቹ ሲደርሱ ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ እርሱ ነው።