ሃያ አራት ሣህለ ሥላሴ

እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ስማቸው በፊደላችን በሃያ አራት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። መነሻው ፊደል ሣ ወይም ሳ፣ ቀጣዩ ህ ወይም ሕ ወይም ኅ፣ ከዚያ ሥ ወይም ስ፣ መጨረሻው ሴ ወይም ሤ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሦስት፣ ጊዜ ሁለት፣ ጊዜ ሁለት። በሁለቱ ቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ወይም ባዶ ቦታ ሊኖር እንደሚችል ከቆጠርን አርባ ስምንት ይሆናል። አንባቢ በሁሉም ውስጥ አንዱን ሰው ያያል። ኮምፒውተር ግን አርባ ስምንት የማይተዋወቁ ሰዎችን ያያል፤ ከጽሑፍ ፋይል ውስጥ የተፈለገውን ቃል የያዘውን መስመር ነቅሶ የሚያወጣው ትእዛዝም የተጠየቀውን አንዱን ብቻ ያመጣል። ይህን ችግር ሞክሼ ፊደላትን በመቀነስ መፍታት ይገባል የሚል ሐሳብ በተደጋጋሚ ይሰማል። በሸዋ ከቀየት አንሥቶ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ላሉት አሮጌ ጽሑፎች ግን ይህ መፍትሔ ጉዳት ነው፤ መሠራት ያለበት ፊደሉ ሳይሆን ጥያቄው ነው።

ግሬፕ የተባለው ይህ መስመር ነቃሽ ትእዛዝ የተወለደው ከዚህ ሩቅ በማይባል ጉዳይ ነው። በቤል ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሊ ማክማን የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ለመደገፍ በስውር ስም የተጻፉትን 85 መጣጥፎች፣ በተለይም ደራሲያቸው ማን እንደሆነ ያከራክር የነበረውን፣ ማን እንደጻፋቸው በቃላት አጠቃቀም ሊለይ ፈለገ። ጽሑፉ ለዘመኑ ማረሚያ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ የማይከፈት ትልቅ ነበር። ባልደረባው ኬን ቶምሰን ከማረሚያው ውስጥ አንዱን ሥራ ለብቻው አወጣ፦ በመላው ፋይል ይህን ጥለት የያዘውን መስመር ፈልግና አሳይ። ትእዛዙ ዩኒክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት መመሪያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1973 ታየ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራም ተጀምሮ ነበር፤ በሚኒሶታ ካለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር ከገዳማትና ከአብያተ ክርስቲያናት ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍት ተቀረጹ፤ ከሸዋም፣ ከመንዝና ግሼ አውራጃም ጭምር። የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ደክመው ያዘጋጁት ካታሎግ ለተመራማሪ በር የከፈተ ሥራ ነው። መጽሐፉ ምን እንደያዘ፣ በምን ቃል እንደሚጀምር፣ ማን እንዳስጻፈው ይነግራል። ይሁን እንጂ ካታሎግ ወደ መጽሐፉ ይመራል እንጂ ወደ መስመሩ አያደርስም።

ሊቃውንቱ ቀድሞውንም ያለ መፈለጊያ አልኖሩም። ግጻዌ ቀኑን ይዞ ለመጣ ሰው የዕለቱን ወንጌልና መልእክት ይጠቁማል። ስንክሳር በዕለት የተደረደረ ስለሆነ ወሩንና ቀኑን ያወቀ የቅዱሱን ታሪክ ወዲያው ያገኛል። በቀይ ቀለም የሚጻፈው አርእስትና ስመ ቅዱሳን ዓይን ሳይደክም ቦታውን እንዲይዝ ያደርጋል። ከሁሉ በላይ መጽሐፉን በቃሉ የያዘ መምህር ነበር፤ አንድ ሐረግ ሲጠሩለት ከነምዕራፉ ይመልሳል። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው የታወቀ ሥርዓት ላለው መጽሐፍ ነው። በወንጌሉ መጀመሪያና መጨረሻ በባዶ ቅጠሎች፣ አንዳንዴም በኅዳጉ ላይ የሚጻፈው የመሬት ስጦታ፣ የሽያጭ ውል፣ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ዝርዝር ግጻዌ የለውም፤ አርእስትም የለውም። ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ፣ ማን ዋስ ሆነ፣ ማን መሰከረ የሚለው እዚያ ተጨናንቆ ተጽፏል። ለመንዝ ሰው ይህ ተራ ነገር አልነበረም። ርስት በአባትም በእናትም ስለሚወርድ ባለጉዳዩ ትውልዱን እስከ አቅኚ አባቱ ድረስ ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት፤ አንድ ስም ማግኘትና ማጣት የመሬት ጉዳይ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን አስቀርቷል። የስሞቹ የታሪክ ዋጋ ግን አልቀረም፤ በቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል የማይገባውን ባላገር በስሙ የምናገኘው እዚህ ነው። መስመር ነቃሽ ትእዛዝ ከማንኛውም ይልቅ የሚያስፈልገውም ለእነዚህ ጽሑፎች ነው።

መጀመሪያ ግን መስመር ራሱ ያስቸግራል። ትእዛዙ የተሠራው እያንዳንዱ መስመር የራሱ መጨረሻ አለው በሚል እሳቤ ነው። ጸሐፊው ግን ቃሉን የዓምዱ ወርድ በደረሰበት ይሰብረዋል፤ የስሙ ግማሽ ከላይ፣ ግማሹ ከታች ይቀራል፤ መገናኛ ምልክትም የለውም። የጸሐፊውን መስመር ጠብቆ የተተየበ ፋይል የተሰበረውን ስም ይደብቃል፤ በአንጻሩ መስመር ሳይለይ የተተየበ ፋይል ገጹን በሙሉ እንደ አንድ መስመር ያወጣዋል። የእኛ ጽሑፍ የራሱ ድንበር ስላለው የተሻለው መንገድ ሰባራዎቹን ገጥሞ፣ ሴድ በተባለው ትእዛዝ ከእያንዳንዱ አራት ነጥብ በኋላ አዲስ መስመር ማስጀመር ነው። እዚህም ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ብዙ ተየቢ አራት ነጥብን ሁለቴ ሁለት ነጥብ አድርጎ ይጽፈዋል፤ ለዓይን አንድ ነው፣ ለማሽኑ ሌላ ነው።

ከዚያ በኋላ ሃያ አራቱን ስሞች በአንድ ጥያቄ መያዝ ይቻላል፦ [ሣሳ][ህሕኅ]ለ[፡ ]*[ሥስ]ላ[ሴሤ]። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያሉት ፊደላት «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ናቸው፤ ኮከቧ በመካከል ነጥብ ወይም ክፍተት ቢኖርም ባይኖርም ይሁን ትላለች። የቃሉን ዳር ዝግ አለማድረግም ይጠቅማል፤ የሣህለ ሥላሴ፣ ለሣህለ ሥላሴ፣ በሣህለ ሥላሴ ሁሉም ይገኛሉ። ለግስ ደግሞ የፊደላችን ሥርዓት ያግዛል። ከጠ እስከ ጦ ያሉት ሰባቱ፣ ለፊደላት የጋራ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ተከታትለው ስለተቀመጡ [ሰሠ][ጠ-ጦ] ብሎ መጠየቅ ሰጠን፣ ሰጡን፣ ሰጥቶን፣ ሲሰጥን በአንድ ጊዜ ያመጣል። የማይፈለግም አብሮ ይመጣል፤ እሱን አይቶ መጣል የአንባቢው ሥራ ነው። ይህ የሚሠራው ትእዛዙ የሚጻፍበት ተርሚናል ዩኒኮድ እንዲያውቅ ከተስተካከለ ነው። በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በሦስት ባይት ይጻፋልና፣ በአሮጌው ነባሪ ቅንብር ማሽኑ በቅንፉ ውስጥ ፊደል ሳይሆን የተበታተነ ባይት ያያል፤ መልሱም ባዶ ሊሆን ይችላል። ባዶ መልስ ያገኘ ሰው ስሙ የለም ብሎ እንዳይደመድም ይህን ማወቅ አለበት።

ወደዚህ የተደረሰበት መንገድ ረጅም ነበር። ከዩኒኮድ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የራሱ ቁጥር ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ የጋራ ፍለጋ አልነበረም። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ሴራ በተባለው ሥርዓት ግዕዝን በላቲን ፊደል ሲወክሉ ጽሑፉ በየትኛውም ኮምፒውተር የሚነበብና የሚፈለግ ሆነ። ይህን በምስጋና ማንሣት ይገባል፤ ሞክሼዎቹንም ለይቶ አስቀምጧልና። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም 345 የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶችን ሲይዝም ሠንና ሰን፣ ኀንና ሐን አልደባለቀም።

ፊደል ቀንሰን ሁሉን በአንድ ሆሄ ብንጽፍ ይህ ሁሉ ድካም ባልመጣ ነበር የሚለው ክርክር ለነገ ጋዜጣ ሊያስኬድ ይችላል። ለትናንት ብራና ግን አይሠራም። በግዕዝ ሠረቀ ወጣ፣ ሰረቀ ደግሞ ቀማ ነው፤ ፀሐይን ከወንበዴ የሚለየው ያ ሆሄ ነው። በአማርኛው የኅዳግ ጽሑፍም ቢሆን ጸሐፊው ሥላሴን በእሳቱ ሰ መጻፉ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ዘመኑና ምናልባትም ውሉን የጻፉት እጆች ሁለት ስለመሆናቸው ምስክር ነው። ተየቢው «ካረመው» ምስክሩ ጠፋ፤ የጠፋውን ደግሞ ምንም ትእዛዝ አይመልሰውም። ጥያቄን ማስፋት ግን ምንጩን አይነካም፤ ነገ የተሻለ ጥለት ያገኘ ሰው ያንኑ ፋይል እንደገና ይጠይቀዋል።

የበለጠ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ማይክሮፊልም ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለም፤ ያልተተየበ አይፈለግም። እውነት ነው። ሁሉንም መተየብ የትውልድ ሥራ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል፤ ዳዊትና ወንጌል በብዙ ቅጂ ስላሉ መቆየት ይችላሉ፤ በአንድ ደብር አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፈው የዋስና የምስክር ዝርዝር ግን መቅደም አለበት። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ብዙውም አማርኛ ስለሆነ ግዕዝ ያልተማረ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም በመምህር እየታገዘ ሊገለብጠው ይችላል፤ ፋይሉም በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት ይፈለጋል። ለገልባጩ የሚሰጠው መመሪያም ሦስት ነገር ነው፦ ሆሄውን እንዳለ ጻፍ፣ ጸሐፊው መስመር የሰበረበትን በምልክት አመልክት፣ አራት ነጥቡን በአንድ ቁልፍ አስገባ።