ከካርታ ጨዋታ እስከ ጥቁር አንበሳ

አምቦ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ተብላ ነበር። ፍል ውኃዋን ፈልጎ የሚመጣ ሕመምተኛ ስለማይጠፋ ስሙ አልበዛባትም። የካንሰር ሕመምተኛ ጉዞ ግን ወደ ምሥራቅ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ የጨረር ሕክምና ሲጀምር፣ ከባኮም ሆነ ከጌዶ የተነሳ ሰው ጉደርንና አምቦን አልፎ፣ በጊንጪና በሆለታ አድርጎ አዲስ አበባ መግባት ነበረበት። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ሌላ ማዕከል አልነበረም።

መሣሪያው የሚሠራው በኮባልት 60 ነበር። ከኮባልቱ የሚወጣው ጋማ ጨረር 11 ሴንቲሜትር ያህል ውኃ ሲያቋርጥ በግማሽ ይቀንሳል፤ የሰው ሥጋም በዚህ ረገድ ከውኃ ብዙ አይርቅም። ችግሩ ጨረሩ በቀጥታ ብቻ አለመጓዙ ነው። ከኤሌክትሮን ጋር ይጋጫል፣ ይታጠፋል፣ ጉልበቱን እያካፈለ ይሄዳል። መሐል ላይ ሳንባና አጥንት ሲገቡበት፣ ዕጢው ስንት እንደደረሰው በወረቀትና በእርሳስ አይደረስበትም።

መላው የተገኘው ከአልጋ ላይ ነው ቢባል ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ1946 የፖላንድ ተወላጁ የሒሳብ ሊቅ ስታኒስላቭ ኡላም ከአንጎል ብግነት እያገገመ ብቻውን ካርታ ይጫወት ነበር። የማሸነፍ ዕድሉን በቀመር ሊያሰላ ሞከረና ታከተው፤ መቶ ጊዜ ተጫውቶ ውጤቱን መቁጠር ይቀላል አለ። ሐሳቡን ለሒሳብ ሊቁ ባልደረባው ለጆን ቮን ኖይማን አካፈለው። ቮን ኖይማን በ1947 ኒውትሮኖች በቦምብ ውስጥ የሚያደርጉትን ጉዞ በዚሁ መንገድ ለማስላት ዕቅድ ጻፈ (የዚህ ሙያ የትውልድ ስፍራ የአሜሪካ የአቶሚክ ቦምብ ቤተ ሙከራ ሎስ አላሞስ መሆኑን መሸሸግ አይቻልም)፤ በ1948ም ስሌቱ ኤኒያክ በተባለው ግዙፍ ኮምፒውተር ተሠራ። ፕሮግራሙን በመጻፍ ሚስቱ ክላራ ትልቅ ድርሻ ነበራት፤ ስሟ ግን ብዙም አይነሳም። ለዘዴው «ሞንቴ ካርሎ» የሚለውን ስም ያወጣው ባልደረባቸው ኒኮላስ ሜትሮፖሊስ ነው፤ የኡላም አጎት ከዘመድ እየተበደረ በቁማር ቤቱ ወደሚታወቀው ሞንቴ ካርሎ ሊጫወት ይሄድ ነበርና።

ኮምፒውተሩ አንዲት ቅንጣት ይልክና በየእርምጃዋ ዕጣ ያወጣላታል፦ የት ትጋጭ? ትዋጥ ወይስ ትታጠፍ? የእርሷ ጉዞ ሲያበቃ ቀጣይዋን ይልካል፤ ሚሊዮን ጊዜ። ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ የቅንጣቶቹን ቁጥር አራት እጥፍ ማድረግ ግድ ስለሆነ፣ ዘዴው ሆስፒታል እስኪገባ ፈጣን ኮምፒውተር መጠበቅ ነበረበት። ያው የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሐኪም ቤቶች ባወጣው የጨረር መጠን መለኪያ መመሪያ ውስጥ ግን ብዙዎቹ ቁጥሮች የዚህ ዕጣ ውጤቶች ናቸው።

ወረፋውን ግን ስሌቱ አያሳጥርም። የኮባልት 60 ኃይል በየ5.27 ዓመቱ በግማሽ ስለሚወርድ፣ ምንጩ ካልተቀየረ 2 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ሕክምና 4 ደቂቃ ይሆናል። አገር ሙሉ በአንድ በር ሲሰለፍ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። በቅርብ ዓመታት በጥቁር አንበሳም በጅማም ሥራ የጀመሩት ሊኒየር አክሰለሬተሮች ጨረራቸውን የሚያመነጩት በኤሌክትሪክ ነው፤ እንደ ኮባልቱ በዕድሜ አይደክሙም፤ መብራት ሲጠፋ ግን ይቆማሉ።