ከታጠነ ጮጮ እስከ ጀሪካን፦ የጥሬ ወተት ታሪክ በባቱና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

ባቱ፣ ቀድሞ ዝዋይ ትባል የነበረችው ከተማ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደምበል ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ትገኛለች። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ነው። አገሩ ሜዳ፣ ዛፉ ግራር፣ ቀኑ ሞቃት ነው። ይህ ሙቀት የአካባቢውን የወተት ታሪክ ከሌላው ነገር ሁሉ ይበልጥ ወስኖታል። ጠዋት የታለበ ጥሬ ወተት እንዲሁ ከተቀመጠ ቀኑ ሳይመሽ ይበላሻል። በዚህ አገር ወተት የሚያልብም የሚጠጣም ሰው በየዘመኑ ሁለት ጥያቄዎች ነበሩበት፦ ወተቱ እንዴት ይቆይ? ደኅንነቱስ በማን ይታመን?

ከተማ ከመቆርቆሩ በፊት የሁለቱም መልስ በቤት ውስጥ ነበር። በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት የአርሲና የጂሌ ኦሮሞዎች ኑሮ በከብት ላይ የቆመ ነበር። የአርሲ ዝርያ ላም አካሏ አነስተኛ ነው፤ ድርቅና መዥገር ትችላለች፣ ወተቷ ግን ጥቂት ነው። የሐበሻ ላም በአማካይ በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል ብዙም የማያልፍ ወተት ትሰጣለች፤ ያውም ጥጃዋ ቀድሞ ሲጠባላት ነው። ማለቡ፣ ማስቀመጡ፣ መናጡና ለማን ምን ያህል እንደሚቀዳ መወሰኑ የሴቶች ድርሻ ነው። ወንዱ ከብቱን ይጠብቃል፣ ይሸጣል፣ ያርዳል። ጮጮው ግን የእመቤቲቱ ነው፤ ወንድ እጁን አያስገባበትም።

ዕቃው የሚዘጋጅበት መንገድ ቀረብ ብሎ ሊታይ ይገባዋል፤ የጥንቱ የወተት ጥበቃ ሁሉ እዚህ ላይ ነውና። ጮጮው ወይም ቅሉ ታጥቦ፣ ውስጡ በሻካራ ቅጠል ተፈትጎ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ከዚያ የወይራ እንጨት፣ በኦሮምኛ ኤጀርሳ፣ ጫፉ ፍም እስኪሆን እሳት ውስጥ ይቆያል። ፍሙ ወደ ዕቃው ይገባና አፉ ይከደናል፤ ጭሱ ታፍኖ ግድግዳውን ሁሉ ይዳስሳል። ጥቂት ቆይቶ እንጨቱ ይወጣል፤ የረገፈው ከሰል ተራግፎ ውስጡ ይወለወላል። ከዚህ በኋላ የሚገባው ወተት የወይራ መዓዛ ይይዛል። ለባዳ እንግዳ የሆነው ይህ መዓዛ ለአገሬው ዋናው የጥራት ምልክት ነው፤ ያልታጠነ ዕቃ ወተት ሲቀርብለት ቤቱን ጭምር ይታዘባል። የኋላ ዘመን ምርምርም ልማዱን ደግፎታል፦ ጭሱ በዕቃው ውስጥ የሚቀሩ ባክቴሪያዎችን ይቀንሳል፣ የወተቱንም መበላሸት ያዘገያል።

በታጠነው ዕቃ አንድ ወይም ሁለት ቀን ያደረ ወተት ይረጋል፤ እርጎ ይሆናል። ኮምጣጣነቱ ብዙዎቹ በሽታ አምጪ ጀርሞች እንዳይራቡ ያግዳል። ከፈንታሌ አካባቢ ያሉት ከረዩዎችና በደቡብ ያሉት ቦረናዎች ኢቲቱ የሚሉት የረጋ ወተት የዚሁ ጥበብ ላቅ ያለ ደረጃ ነው። የተጠራቀመው እርጎ ተንጦ ቅቤው ይወጣል፤ የቀረው አሬራ ለብ ብሎ ሲሞቅ አይብና አጓት ይለያያሉ። መናጡ ልፋት አለው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ቁም እንስሳት ማዕከል የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም ባለሙያዎች በሸክላው መናጫ ውስጥ የሚዞር የእንጨት መምቻ ሠርተው ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረውን ሥራ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ሊያወርዱት ችለዋል።

ወተት መሸጥ ግን ነውር ነበር። ለእንግዳ፣ ለአራስ፣ ላም ለነጠፈችበት ጎረቤት ይሰጣል እንጂ ዋጋ አይቆረጥለትም። ገበያ የሚወጣው ቅቤ ነው፤ የቅቤውም ገንዘብ የሴቷ ነው። ገዢዋ በጥፍሯ ጫፍ ጨልፋ ታሸታለች፣ ትቀምሳለች፤ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ቅቤ ለማወቅ ሌላ መሣሪያ አያስፈልጋትም። የሻጯ ስም የሚታወቅበት ገበያ በመሆኑ የሚያጭበረብር ሰው በቀጣዩ የገበያ ቀን ደንበኛ ያጣል። በዘመናዊ አነጋገር ቁጥጥር የሚባለው ሥራ እንዲህ ባለ መንገድ ይሠራ ነበር።

መንግሥት በወተት ጉዳይ የገባው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የመልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ለኢትዮጵያ ሰጠ። በ1960 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዩኒሴፍ ዕርዳታ አዲስ አበባ ሾላ ላይ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ ተቋቋመ። መጀመሪያ ከትልልቅ እርባታዎች፣ ቆይቶም ከአነስተኛ ገበሬዎች ወተት እየሰበሰበ ያፈላ ነበር። «ሾላ ወተት» የሚለው ስም ከከተሜው አፍ የገባው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። ወተት ከላሟ ባለቤት ስም ተላቅቆ በፋብሪካ ስም መጠራት የጀመረውም ያኔ ነው።

ለስምጥ ሸለቆው ቅርብ የነበረው ለውጥ ግን ከአርሲ ደጋ መጣ። በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን መንግሥት ዕርዳታ አሰላ ላይ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ተመሠረተ። ካዱ ሰው ሠራሽ የማዳቀል አገልግሎት አቋቋመ፤ ዲቃላ ጊደሮችን አከፋፈለ፤ ከገበሬው ወተት ሰበሰበ። ከአሰላ አዳማ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ የደጋው ወተትና የደጋው ላም ወደ ቆላው ከተማ ለመውረድ አልዘገዩም። ከባቱ አጠገብ በአዳሚ ቱሉ አካባቢ የነበረው የአበርኖሳ የከብት እርባታም ለዚህ ታሪክ ትልቅ ባለውለታ ነው። በዚያ ሜዳ የቦረና ላሞች ከፍሪዥያን ኮርማ ጋር ይዳቀሉ ነበር፤ የሚወለዱት ጊደሮች በተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች ላሉ አነስተኛ ገበሬዎች ይታደሉ ነበር። ሰው «የፈረንጅ ላም» የሚላት፣ በቀን ስምንትና አሥር ሊትር የምትታለበው ዲቃላ፣ በብዙ ደጅ የገባችው በዚህ መንገድ ነው። አበርኖሳ ከስሙ ይልቅ በልጆቹ የታወቀ ቦታ ነው ማለት ይቻላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ትልልቆቹ የግል የወተት እርባታዎችም ተወረሱ። በ1979 እ.ኤ.አ. የተወረሱት እርባታዎችና የሾላው ፋብሪካ በአንድነት ተጠቃልለው የወተት ሀብት ልማት ድርጅት ሆኑ። ድርጅቱ ወተት የሚሰበስብባቸው ጣቢያዎች በኋላ ዘመን በተዘረዘሩበት ጊዜ 25 ነበሩ፦ 13ቱ በሰላሌ፣ 9ኙ በሆለታ ዙሪያ፣ 3ቱ በደብረ ብርሃን አቅጣጫ። ከዝርዝሩ ውስጥ የባቱ መንገድ የለም። ይህ ትንሽ የሚመስል ጉዳይ ብዙ ያስረዳል። የወተት ምርመራ፣ ማቀዝቀዣና በጥራት ላይ የተመሠረተ ግዢ የመጡት ከሰብሳቢ ጣቢያ ጋር ነው። ጣቢያ ያልደረሰበት ከተማ ወተቱን እንደ ጥንቱ በጎረቤትና በእምነት መጠጣቱን ቀጠለ፤ ልዩነቱ ጎረቤቱ አሁን ወተቱን ይሸጣል።

ባቱ እያደገች ስትሄድ የወተት ፈላጊውም በዛ። በተለይ ከሁለት ሺዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ወዲህ ከአሥር ሺህ በላይ ሠራተኛ የያዘው የሼር የአበባ እርሻ ከየአቅጣጫው ሰው ወደ ከተማዋ ስቧል። በየካፌው ማኪያቶ ተለመደ። ነውር የነበረው የወተት ሽያጭ በአንድ ትውልድ ውስጥ የቤት መደጎሚያ ሆነ። በግቢዋ ጥግ ሁለት ወይም ሦስት ጥገት ላሞች የምታስር ሴት ፉርሽካ፣ ጭድና ፋጉሎ ትገዛለች፤ ከጠላ ጠማቂ ቤትም አተላ ታመጣለች። ንጋት ላይ አልባ በፕላስቲክ ጠርሙስ ትቀዳለች፤ ልጇ ጠርሙሶቹን ይዞ በወር ሂሳብ ኮንትራት ወደ ያዙ ቤቶች ይዞራል። ደንበኛው ላሟን ያውቃታል፣ በረቱን አልፎ ይሄዳል፤ ላሟ ስትታመምም ከሁሉ ቀድሞ ይሰማል።

ገበያው የሚለካው በጾምም ነው። በዓቢይ ጾምና በየረቡዕ ዓርቡ የኦርቶዶክሱ ቤት ወተት አይገዛም፤ ላሟ ግን ጾም ብላ አትነጥፍም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው በጾም ወራት የሚረከቡትን ይቀንሱ ስለነበር ገበሬው ወተቱን መልሶ ወደ ቅቤና አይብ ይለውጠው ነበር። በባቱና በአዳማ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ ብዙ በመሆኑ ጫናው ቀለል ይላል፤ በረመዳን ደግሞ የማፍጠሪያ ወተት ይፈለጋል። የትርፍ ቀን መፍትሔው ግን እዚህም ያው የእናቶች መናጫ ነው።

ሕጉ ወደዚህ ዓለም የገባው ዘግይቶ ነው። የተበረዘ ወይም ጤና የሚጎዳ ምግብ የሚሸጥን ሰው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይቀጣ ነበር። ለጥሬ የላም ወተት በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ ደረጃ ስለ ጥግግቱ፣ ስለ ቅባቱና ስለ ባክቴሪያ ብዛቱ ወሰን አስቀመጠ። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661/2002፣ ቀጥሎም እሱን የተካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለምግብ ቁጥጥር አጠቃላይ መሠረት ሆኑ። ነገር ግን እነዚህ ሕጎች በዋናነት የሚያስቡት ፈቃድ ያለው፣ አድራሻው የሚታወቅ፣ ምርቱን አሽጎ የሚሸጥ ድርጅት ነው። ሁለት ላም ያላት እናት በዚህ ሥዕል ውስጥ የለችም። ላሟ የግብርና፣ ወተቱ የጤና፣ ሽያጩ የንግድ ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነው፤ ጠርሙሱ ግን ሦስቱንም ሳያይ ከበረት ወደ ድስት ይሄዳል። ይህ የእርሷ ጥፋት አይደለም። ሕጉ የተጻፈው ወተቱ ለሚያልፍበት መንገድ ሳይሆን ያልፍበታል ተብሎ ለታሰበው መንገድ ነው።

ሰብሳቢ ጣቢያ ባለበት ቦታ ምርመራው ቀላል ነው። ላክቶሜትር የሚባለው የብርጭቆ ተንሳፋፊ ወተቱ ውስጥ ይገባል፤ የደኅና ወተት ጥግግት በአብዛኛው ከ1.026 እስከ 1.032 ስለሆነ፣ ውሃ ከተጨመረበት መሣሪያው ጠለቅ ብሎ ይሰምጣል። ቀጥሎ እኩል መጠን ያለው አልኮልና ወተት ይቀላቀላሉ፤ ቋጠሮ ከታየ ወተቱ መኮምጠጥ ጀምሯልና ይመለሳል። ደቂቃም አይፈጅም። በቢሾፍቱ በ1998 እ.ኤ.አ. በ34 አባላት የተመሠረተው የአድአ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ይህን አሠራር ለአነስተኛ አርቢዎች ያቀረበ በመሆኑ በምሥራቅ ሸዋ ታሪክ ልዩ ቦታ አለው። በማኅበሩ ውስጥ የአንድ ላም ባለቤትም ወተቷ ተለክቶ፣ ተመዝግቦ ይከፈላታል።

ላክቶሜትር የማያየው አደጋም አለ። ዲቃላ ላሞች በጠባብ በረት ተጨናንቀው ሲያዙ የከብት ሳንባ ነቀርሳ በቀላሉ ይዛመታል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ ቢሾፍቱን ጨምሮ፣ ከመረመራቸው ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ የወተት ከብቶች መካከል ከመቶ 30 ያህሉ በምርመራው ተይዘዋል። ብሩሴሎሲስም በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። ሁለቱንም ማፍላት ይገድላቸዋል። አፍላቶክሲን ግን በመፍላት አይጠፋም። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች በሙሉ ይህ መርዝ እንደተገኘባቸው፣ ከመቶ 26 በሚሆኑትም መጠኑ በሊትር ከ0.5 ማይክሮ ግራም እንደሚበልጥ ተሰማ። ብዙ ቤተሰብ ወተት መግዛት አቆመ። መነሻው በዋናነት የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ነበር፤ ዋናውን ኪሳራ የተሸከመው ግን መኖ ሻጩ ሳይሆን አርቢው ሆነ። በፋብሪካ የፈላውም ሆነ ከጎረቤት የተገዛው ወተት በዚህ በኩል እኩል መሆኑ፣ ቁጥጥሩ ከወተቱ በፊት ከመኖው መጀመር እንደነበረበት ያሳያል።

ሌላው ዓለምም በዚሁ ጥያቄ አልፏል። የቺካጎ ከተማ በ1908 እ.ኤ.አ. ወተት በፓስተር ዘዴ እንዲሞቅ አዘዘች፤ ስኮትላንድ በ1983 እ.ኤ.አ. የጥሬ ወተት ሽያጭን ከለከለች። ለኢትዮጵያ ቀረብ ያለው ግን የኬንያ መንገድ ነው። ኬንያም አብዛኛው ወተቷ ጥሬውን የሚሸጥ በመሆኑ አዟሪዎቹን ለረጅም ጊዜ ስታሳድድ ቆይታ፣ ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሠልጥና፣ የብረት ዕቃ እንዲይዙ አድርጋ ፈቃድ ወደ መስጠት ዞረች።

በኢትዮጵያ የሌማት ትሩፋት መርሃ ግብር በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር አርባ ምንጭ ላይ ይፋ ከሆነ ወዲህ የወተት ላም ማርባት እንደገና ትኩረት አግኝቷል። በባቱ መንደሮች ግን ከሁሉ የሚታየው ለውጥ የዕቃው ነው። ጮጮ ውድ ሆኗል፣ ወይራም ርቋል፤ ቢጫ የዘይት ጀሪካን በየቤቱ አለ። ጀሪካን አይታጠንም። አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ ገብቶ አያጥበውም፤ ውስጡ ሲጫር ወተት ይዞ ያስቀራል። የጥንቷ እመቤት በጭስና በማርጋት የሠራችውን ሥራ የዛሬዋ ገዢ በእሳት ትሠራዋለች፦ ወተቱን ድስት ላይ ታደርገዋለች፣ ገንፍሎ እንዳይፈስ አጠገቡ ቆማ ትጠብቀዋለች፣ ሲነሳ ታወርደዋለች፤ ከላይ የያዘውን ስልባቦት ገለል አድርጋም ለልጁ ትቀዳለታለች።