ሙቀት ሆኖ የሚቀር ንዝረት

ረጅም መንገድ አቋርጦ ጣቢያ በቆመ ባቡር ሥር ገብቶ የፉርጎውን ሾክ አብዞርበር በእጁ የዳሰሰ መካኒክ ብረቱን ሞቅ ብሎ ያገኘዋል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ዘይት መንገዱን ሙሉ በጠባብ ቀዳዳ ሲመላለስ ነው የዋለው። ንዝረቱ በርዷል፤ ጉልበቱ ግን አልጠፋም፣ ሙቀት ሆኖ ወደ አየር በኗል። ይህ ጉልበት ከመባከኑ በፊት ወደ ኤሌክትሪክ ቢለወጥስ?

መርሑ አዲስ አይደለም። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ ማግኔት በመዳብ ጥቅልል ውስጥ ሲመላለስ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የዘይቱን ቦታ ማግኔትና ጥቅልል ይያዙት እንበል። የመነጨው ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪ ሲፈስ ማግኔቱን መልሶ ይጎትተዋል፤ ዘይቱ ይሠራው የነበረውን ሥራ የሚሠራው ይኸው ጉተታ ነው። ሽቦው ቢበጠስ ማግኔቱ ያለ ከልካይ ይመላለሳል፣ ፉርጎውም እንደ ጀልባ ይዋልላል። የሽቦው ሁለት ጫፎች በቀጥታ ቢገናኙ ደግሞ ጉተታው ጣሪያ ይነካል፤ ነገር ግን ጉልበቱ በጥቅልሉ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ስለሚያልቅ ለጥቅም የሚውል ኤሌክትሪክ አይገኝም።

ብዙ የሚመረተው በሁለቱ መካከል ነው። ንዝረቱ ባለበት ከቀጠለ፣ ከፍተኛው ምርት የሚገኘው የተገናኘው መሣሪያ ሬዚስታንስ ከጥቅልሉ ሬዚስታንስ ጋር እኩል ሲሆን ነው፤ እዚያ ላይ የማብረድ ኃይሉ የጣሪያው ግማሽ ነው። የተሳፋሪው ምቾት እዚሁ ነጥብ ላይ እንዲገኝ የሚያስገድድ የተፈጥሮ ሕግ የለም። ምርትና ምቾት አብረው ያድጋሉ የሚለው አባባል በጥንቃቄ መታየት ያለበት ለዚህ ነው።

የሰው ገላ ሁሉንም ንዝረት እኩል አይቆጥረውም። አይኤስኦ 2631 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት እንደሚያመለክተው፣ ሰው ወደ ላይና ወደ ታች ከሚነቀንቁት ንዝረቶች ይበልጥ የሚረበሸው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ በሚደጋገሙት ነው። ፉርጎው ራሱ ግን በሞላዎቹ ላይ በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ ብቻ ይወዛወዛል። ጠንካራ ማብረጃ (ሾክ አብዞርበር) ይህን ዝግተኛ ውዝዋዜ ይገታል፤ ከሐዲዱ የሚመጣውን ፈጣን ርግብግቢት ግን ወደ ወንበሩ ያሻግራል። ለስላሳው ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ዲን ካርኖፕና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረቡት መፍትሔ ፉርጎውን ከሰማይ ጋር እንደታሰረ አድርጎ ማሰብ ነበር፤ ማብረጃው እንደ እንቅስቃሴው አቅጣጫ በቅጽበት ይጠብቃል፣ ይላላል። በኤሌክትሪክ ማብረጃ ይህን ለማድረግ ሬዚስታንሱን መቀያየር ይበቃል።

ምርቱስ ምን ያህል ነው? አንድ ማብረጃ በሰከንድ አንድ ሜትር ለሚሆን ፍጥነት 20,000 ኒውተን የሚቃወም ነው እንበል። ንዝረቱ በአማካይ በሰከንድ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 50 ዋት ይባክናል፤ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 200 ዋት። በሜጋዋት የሚጎተት ባቡር በዚህ አይነዳም። ደግሞም ሐዲዱ ባማረ ቁጥር ምርቱ ይመናመናል፤ ይህ ሊያስከፋ አይገባም፣ ተሳፋሪው የሚፈልገው ለስላሳ ሐዲድ ነውና።

ጥቂት ዋት የሚያስከብርበት ቦታ ግን አለ። የጭነት ፉርጎ አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪክ የለውምና በላዩ ላይ ጠቋሚ ማሠራት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2023 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ኢስት ፓለስታይን ከተማ አጠገብ 38 ፉርጎዎች ከሐዲድ የወጡት አንድ የመንኮራኩር ኩሽኔታ ግሎ ነው። በመንገድ ዳር የተተከሉት ጠቋሚዎች የኩሽኔታው ሙቀት ከአካባቢው አየር በመጀመሪያ 21፣ ቀጥሎ 57፣ በመጨረሻ 141 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መብለጡን አንብበዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጠቋሚ መካከል ግን 31 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ነበር፤ በዚያ ሁሉ መንገድ ኩሽኔታው ያለ ተመልካች ነደደ። ከሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የወጣው የእንግሊዙ ፐርፔቱም ኩባንያ ከንዝረት በሚያገኘው ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ጠቋሚዎችን በመንኮራኩር ኩሽኔታዎች መያዣ ላይ ገጥሟል፤ ያለ ኬብልና ያለ ባትሪ ንዝረትንና ሙቀትን በገመድ አልባ ይልካሉ። ሂታቺ ሬይል ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2021 ገዝቶታል።

ለምቾትም ቢሆን ጥቅሙ ከዚሁ ጥቂት ዋት ይመነጫል። የጃፓኑ ኢ5 ሺንካንሰን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ንዝረትን በሞተር ኃይል እየተከላከለ ሲሮጥ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከባቡሩ ነው። ማጥበቅና ማላላት ብቻ ለሚጠበቅበት ማብረጃ ግን ጠቋሚውንና አነስተኛ ኮምፒውተሩን ለማሠራት ጥቂት ዋት ይበቃል፤ ይህንንም ማብረጃው ራሱ ሊያመርት ይችላል።

የሚቀረው የደኅንነት ጥያቄ ነው። ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ፉርጎው እንዳይዋልል፣ ኃይል ሲያጣ በራሱ የሚዘጋ ሬሌ (የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ) የጥቅልሉን ሁለት ጫፎች ማገናኘት አለበት፤ ጉዞው ይሻክራል እንጂ ማብረጃው ሥራውን አያቆምም። ጥቅልሉ ራሱ ቢበጠስ ደግሞ ሬሌው አያድንምና ከጎኑ አንድ ትንሽ የዘይት ሾክ አብዞርበር ሊኖር ይገባል።