በሰንጢ ስለት ላይ የሚገኝ የሠሪ ምልክት እንደ ታሪክ ማስረጃ

ታሪክ የሚገኘው ከመዛግብትና ከሐውልት ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ይሁን እንጂ ሰው በኪሱ ይዞት የኖረው ተራ ዕቃም ለሚመረምረው ይመሰክራል። አሮጌ ሰንጢ የሚሰበስቡ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ፣ አንድ ሰንጢ በእጃቸው እንደ ገባ ከሁሉ አስቀድመው የሚመለከቱት የእጀታውን ጌጥ ሳይሆን ስለቱ ከእጀታው ጋር የሚገናኝበትን ግርጌ ነው፤ የሠሪው ምልክት ዘወትር የሚታተመው በዚያ ነውና። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ምልክት ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር፣ በተለይ የእንግሊዟን የሼፊልድ ከተማ ምሳሌ በማድረግ ማስረዳት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ምልክት የተጀመረው ለጌጥ አይደለም። ብዙው ሕዝብ ማንበብ በማይችልበት ዘመን ገዢ የአንዱን ባለሙያ ሥራ ከሌላው የሚለየው በሥዕሉ ነበር። በ1624 የእንግሊዝ ፓርላማ ባወጣው ሕግ የሼፊልድና የአካባቢዋ ቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ ማኅበሩም ለአባሎቹ ምልክት እየሰጠ በመዝገብ ያሰፍር ነበር። በጀርመን አገር በዞሊንገን ከተማም ፔተር ሄንክልስ የመንታ ልጆችን ሥዕል በ1731 በዚያው ከተማ ቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር አስመዝግቧል።

እዚህ ላይ ጀማሪ ሰብሳቢ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ምልክት ንብረት ስለ ሆነ ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ ይከራያል። ጆሴፍ ሮጀርስ የተባለው የሼፊልድ ድርጅት የታወቀበት የኮከብና የማልታ መስቀል ምልክት መጀመሪያ የተመዘገበው በ1682 ሲሆን፣ ወደ ሮጀርስ ቤተ ሰብ የተላለፈው ግን በ1764 ነው። እንግዲህ ኮከቡና መስቀሉ የድርጅቱን ስም ይነግሩናል እንጂ የሰንጢውን ዕድሜ አይነግሩንም።

ዕድሜን ለመገመት ሌሎች ቃላት ይረዳሉ። አሜሪካ በ1890 ያወጣችው የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ ስላዘዘ፣ ከ1891 ወዲህ ወደዚያ በተላኩ ሰንጢዎች ላይ «ኢንግላንድ» የሚለው ቃል በብዛት ይታያል። ሆኖም ቃሉ ስለ ታጣ ብቻ ሰንጢው ከዚያ በፊት ተሠራ ማለት አይቻልም፤ ወደ ሌላ አገር የተላከው ወይም በአገሩ የተሸጠው ቃሉን ላይዝ ይችላል። የማይዝግ ብረት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ያለበት ስለት ግን ሃሪ ብሬርሊ ይህን ብረት በሼፊልድ ከሠራበት ከ1913 በፊት ሊሆን አይችልም።

ስም ገንዘብ ስለሚያስገኝ አስመሳይ አልጠፋም። በ19ኛው መቶ ዓመት በሌላ አገር ተሠርተው «ሼፊልድ» የሚል የሐሰት ስም የታተመባቸው ዕቃዎች በመብዛታቸው፣ እንግሊዝ በ1887 የንግድ ምልክት አጭበርባሪዎችን የሚቀጣ ሕግ አወጣች። ዞሊንገንም በበኩሏ የከተማዋን ስም የሚጠብቅ ሕግ በ1938 ወጥቶላታል። ስለዚህ መርማሪው ምልክቱን ብቻ አይቶ አይፈርድም፤ የፊደሉን ቅርጽ፣ የእጀታውን ዓይነት፣ የምስማሩንና የስለቱን አሠራር ሁሉ አስተያይቶ፣ አንዱ ከሌላው ጋር የማይስማማ ከሆነ ፍርዱን ያዘገያል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልናስበው የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። በሼፊልድ አንዱ ስለቱን ቀጥቅጦ ያወጣ ነበር፤ ሌላው በድንጋይ ይስለዋል፣ ሦስተኛው እጀታውን ይገጥማል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በጠባብ ክፍል ለልዩ ልዩ ድርጅቶች የሚሠሩ ነበሩ። ከሳዮቹም ብዙዎች የድንጋይና የብረት ብናኝ ሳንባቸውን እየጎዳ ያለ ዕድሜያቸው ሞተዋል። በስለቱ ላይ የታተመው ግን የእነርሱ ስም ሳይሆን የባለምልክቱ ስም ነው። «ሠሪው ማን ነው?» ብለን ስንጠይቅ ምልክቱ የሚመልስልን ዕቃው በማን ስም እንደ ተሸጠ ነው፤ በማን እጅ እንደ ተሠራ ለማወቅ ከምልክቱ አልፎ መመርመር ያስፈልጋል።

ስለዚህ አሮጌ ሰንጢ ያገኘ ሰው እንዲያብረቀርቅ ብሎ በሞረድ ወይም በሸካራ ወረቀት አይፈትገው። ዝገቱን በጥቂት ዘይትና በለስላሳ ጨርቅ ቀስ አድርጎ ያለስልስ፤ ምልክቱ አንድ ጊዜ ከተፋቀ የሚመልሰው የለምና።