አሸን ሲፈላ

«እንደ አሸን ፈላ» እንላለን፤ ሱቅ ሲበዛ፣ ባለሥልጣን ሲበዛ፣ ወሬ ሲበዛ። አሸን ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው። እኔ ባደግሁበት ግቢ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ ከየቀዳዳው እየተግተለተለ ይወጣል። ያን ቀን ለዶሮ እህል የሚበትን የለም። እናቴ «ዛሬስ ቀለባቸውን እግዜር ሰፍሮላቸዋል» ትል ነበር።

ታዲያ የእሷ ልጅ አምና ምን አደረገ? ምስጥ አጥሬን ጨረሰው ብዬ መድኃኒት ረጨሁ። በሁለተኛው ቀን የጎረቤቴ የእማማ ሁለት ዶሮዎች ሞተው ተገኙ። እማማ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። የትል ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ አትሳቁብኝ።

እንግሊዛዊው አይዛክ ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1653 ባሳተመው የዓሣ አጥማጆች መጽሐፍ ትል እንዴት እንደሚረባ ጽፏል። የከብት ጉበት ደረቅ ሸክላ አፈር በያዘ በርሜል አናት ላይ ይሰቀላል። ዝንብ እንቁላሏን ትጥልበታለች፤ እጩ ሲወፍር ራሱ አፈሩ ላይ ይወድቃል። ከዚያ ወደ መንጠቆ ነው። የቡርኪና ፋሶ ገበሬ ደግሞ እርጥብ ጭድና እበት የሞላበትን ማሰሮ የምስጥ ቀዳዳ ላይ ደፍቶ ያሳድራል፤ ጠዋት ምስጡን ለጫጩቶቹ ያራግፋል። ሁለቱም ለመኖ ሳንቲም አላወጡም።

ሃያኛው መቶ ዓመት ይህን ናቀና ነገሩን ለፋብሪካ ሰጠው። እንግሊዞች ሣር በሊታዋን ላም የሥጋና የአጥንት ዱቄት አበሏት። እ.ኤ.አ. በ1986 «የእብድ ላም በሽታ» ታወቀ፤ በ1996 ደግሞ ሰውንም ሳይነካ እንዳልቀረ መንግሥታቸው አመነ። የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ከእንስሳት የተሠራ ፕሮቲንን፣ ከጥቂቱ በስተቀር፣ ከመኖ አገደ። ዕገዳው ትሉንም አብሮ ጠራረገው። በ2017 ለዓሣ፣ በ2021 ለዶሮና ለአሳማ ተፈቀደ። ምን አለፋችሁ፣ የሠለጠነው ዓለም ሃያ ዓመት ዞሮ ዞሮ እናቴ ግቢ ደረሰ።

ደግሞ አንበጣን አስታውሱ። በ2012 ዓ.ም. አንበጣ እኛንም ፓኪስታንንም ሲያራቁት፣ እዚያ ኦካራ በምትባል ወረዳ ሰዎች ሌሊት ያረፈውን አንበጣ እየለቀሙ በኪሎ 20 ሩፒ ለዶሮ መኖ ሸጠዋል። ጥብቁ ነገር አንድ ነው፤ መድኃኒት ያልነካው መሆን አለበት።

ይህን ሳነብ አጥሬ ትዝ አለኝ። ምስጥ ላይ የረጨሁ መስሎኝ የእማማ ዶሮዎች ገበታ ላይ ነው የረጨሁት።

ዶሮዎቹን ተክቼላቸዋለሁ። ዘንድሮ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያባራና አሸኑ ሲፈላ ግን እማማ ዶሮዎቻቸውን ቆጥ ላይ አስረው በአጥሩ ላይ አዩኝ።

«ልጄ፣ ዘንድሮስ ረጭተሃል እንዴ?»

«አልረጨሁም እማማ፤ ይልቀቋቸው» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና ለቀቋቸው።