የፖለቲካ ሐሳብ ታሪክ ጸሐፊና የቃላት ዘመን

መዝገበ ቃላት ለምናዘጋጅና ለምንተረጉም ሁሉ፣ የፖለቲካ ቃላት ከሌሎቹ ይልቅ የሚያስቸግሩን ድምፃቸው ሳይለወጥ ፍቺያቸው ስለሚለወጥ ነው። ይህን ለመረዳት የታሪክ ሊቁን የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን የሥራ ዘመን መመልከት ይጠቅመናል።

ባሕሩ እ.ኤ.አ. በ1976 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኙት የኢትዮጵያንና የሱዳንን ግንኙነት በምዕራቡ ወሰን ላይ በመመርመር ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን አስተምረዋል፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምንም መርተዋል። ከአገር ወሰን የጀመረው ምርምራቸው ቀስ በቀስ ወደ ሐሳብ ታሪክ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ የ20ኛውን መቶ ዓመት መባቻ ለውጥ ፈላጊ ምሁራን፣ በ2014 ባሳተሙት ደግሞ የተማሪዎችን እንቅስቃሴ መረመሩ። ከአመራሮቹ አንዱ ሆነው ያገለገሉበት የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚም የሚገኘው በእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌ፣ ከእነዚያ ምሁራን አንዱ በነበሩት በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ግቢ ነው።

ሁለቱ መጻሕፍት የሚያጠኗቸው ትውልዶች በአንድ ቋንቋ ቢናገሩም ቃላቸው አንድ አልነበረም። «ብሔር»ን እንውሰድ። በግእዝ አገር፣ ምድር ማለት ነው፤ «እግዚአብሔር» የሚለው ስም ይህንኑ ይመሰክራል። ዋለልኝ መኮንን በ1962 ዓ.ም. የብሔረሰቦችን ጥያቄ ያነሣበት ጽሑፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት «ብሔር» የባዕድ ቃል አቻ ሆኖ የሕዝብ ክፍል መጠሪያ ሆነ፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም የሕግ ቃል ሆነ። የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» የታተመው በዚያው በ1962 ዓ.ም. ነው። መዝገቡ በታተመበት ዓመት ቃሉ ከመዝገቡ ውጭ መንገዱን ይቀጥል ነበር ማለት ነው።

ለተርጓሚ ከዚህ የሚከተለው ቀላል አይደለም። ሁለቱም የባሕሩ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ የቀደሙት ምሁራን ግን በአብዛኛው የጻፉት በአማርኛ ነው። ስለዚህ ስለ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የተባለውን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው፣ ከእንግሊዝኛው ይልቅ በ1916 ዓ.ም. ወደታተመው ወደ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» መሄድ አለበት። የዛሬውን ቃል ቢያስገባ የዛሬውን ክርክር በሙት አፍ ያኖራል።

እኛም በመዝገባችን ለእያንዳንዱ የፖለቲካ ቃል ሥሩን፣ የእያንዳንዱን ፍቺ ዘመንና ፍቺው የተገኘበትን ጽሑፍ ለይተን ብናስቀምጥ፣ ታሪክ ጸሐፊውም ተርጓሚውም አንባቢውም ከስሕተት ይድናሉ።